የታሰረው አውራ ዶሮ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ነገሩ ስለ አንድ የቴሌቪዥን ዶሮ ነው። ዛሬ ግን ዶርም ውስጥ ጉንፋን የያዛት ጓደኛዬ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ ስትታጠን፣ ሽታው የካ ሚካኤል ወዳለው ሰፈራችን መለሰኝ።

እናቴ ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክማ እያመጣች ትሸጥ ነበር። የሰፈሩ ልጆች እሑድ እሑድ ጎረቤታችን እትዬ ዝናሽ ቤት ተሰብስበን ስለ አንድ የገጠር ፖሊስ የሚተርክ ድራማ እናያለን። ፖሊሱ ያለሰዓቱ ጮኸ ብሎ አውራ ዶሮ ባሰረበት ቀን፣ እትዬ ዝናሽ ከሳቃችን መሀል ነጥለው፣ «አንቺ ውጪ፤ ቅጠል ቅጠል ትሸቻለሽ» አሉኝ። እያለቀስኩ ስነግራት እናቴ፣ «ተይው ልጄ፣ ጉንፋን ቤት አይመርጥም» ብቻ አለች። አልገባኝም።

ብርዱ ሲገባ እትዬ ዝናሽ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ቅጠል ሊጠይቁ መጡ። በውስጤ ጮቤ ረገጥኩ።

«እዚያው በሩ ላይ ይቁሙ፤ ቤታችን ይሸታል» አለች እናቴ። «ደግሞ መጀመሪያ ዶሮው ምን እንደሆነ ለልጄ ይንገሯት።»

«የቱ ዶሮ?»

«የታሰረው!»

እያስነጠሳቸው፣ ከነፖሊሱ ድምፅ፣ እስከ መጨረሻው ተረኩልኝ። እኔም አልቸኮልኩም፤ የገባኝን ሳይቀር አስደገምኳቸው። ለእኔ ዶሮው ከእስር የተፈታው ያን ቀን፣ ኅዳር ዐሥራ ሁለት፣ የሚካኤል ዕለት ነው።