በእንሰታችን መሀል የተቆፈረው ጉድጓድ

ከጓሯችን ጥግ የድሮ ጉድባ አለ፤ በካፋ ንጉሥ ዘመን ለጦርነት የተቆፈረ ነው ይላሉ። እኔ የማውቀው ፍየል ሲገባበት ማውጣት ብቻ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከቀበሌ ሰው ጋር መጥተው "የአያቶቻችሁን አኗኗር እናጠናለን" ሲሉ፣ እናቴ እምቢ ማለት ፈርታ እሺ አለች። ገመድ ወጥረው በእንሰታችን መሀል መቆፈር ጀመሩ። እኔን የሸክላ ስባሪ እንዳጥብላቸው ቀጠሩኝ።

"ወርቅ ነው" አለ ጎረቤታችን አጥሩን ተደግፎ። "በባዶ ሜዳ አፈር በወንፊት የሚነፋ ማን አለ?"

እናቴን ያስጨነቃት ግን ወርቁ አልነበረም። "ያረጀ ነገር ካገኙ ቅርስ ነው ብለው ጓሮውን ያጥሩታል። ከዚያ ምን ልንበላ ነው?" አለችኝ በቋንቋችን በካፊኖኖ።

ሰዎቹ ለምሳ ቦንጋ ሲሄዱ ከቆሻሻ መጣያችን ስባሪ ብርጭቆ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይና የእኔን የተቀደደ ኮንጎ ጫማ አምጥታ ጉድጓዱ ውስጥ በተነች። አፈርም በእግሯ መለሰችበት።

"የትናንት ቆሻሻ መሆኑን ሲያዩ ትተውት ይሄዳሉ።"

ሲመለሱ አንዷ ተመራማሪ፣ ገና ወጣት ናት፣ ጫማውን በብሩሽ ጠርጋ በላስቲክ ከረጢት ከተተችው። ላዩ ላይም ጻፈችበት።

"ጫማውንም ወሰዱት! አላልኩሽም? ሂጂ ጠይቂያት" አለች እናቴ።

እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ፣ እንግዳ ሰው ቀና ብዬ የማላይ ነኝ። ስባሪ የማጥብበትን ሳፋ እያየሁ ጠየቅኋት።

"ጫማው ምን ያደርግልሻል?"

"ሰው የጣለው ሁሉ ይጠቅመናል። የድሮውም፣ የአሁኑም" አለችና ሳቀች። "ግን አፈሩ ለስላሳ ነው። ዛሬ ነው የገባው። እማማ ናቸው አይደል? ምን ሆነው ነው?"

መልሱን ትቼ የእናቴን ጥያቄ ጠየቅኋት።

"ጓሮውን ትወስዱብናላችሁ?"

ሳቋን አቆመች። "እኛ አይተን መልሰን እንደፍነዋለን።"

"ሌላ ሰውስ?"

"እሱን አላውቅም።"

አላውቅም ስላለች አመንኳት። እናቴ ግን አላመነችም። ሲጨርሱ እውነትም ደፈኑት። መኪናቸው ሳይነሳ እናቴ እነሱ እያዩዋት የእንሰት ችግኝ አምጥታ ቦታው ላይ ተከለች። የመትከያ ጊዜው አልነበረም።

"አሁን አጥረው ይዩት እስቲ!" አለች አፈሩን እየረገጠች።

መኪናው ወደ አስፋልቱ ሲታጠፍ ቆማ ሸኘችው።

"ጫማሽን ግን ለምን አልመለሱትም?"