የእትዬ ሉላ አባት

ልጅ ሳለሁ፣ ሰመር፣ የሙቀቱ ወቅት፣ በገባ ቁጥር፣ አሜሪካ አሌክሳንድሪያ ከምንኖርበት የጡብ አፓርትመንት ጀርባ ሚስ ሉላ ከሰል ታቀጣጥል ነበር። ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት። እናትና አባቴ የማታ ሺፍት ስለሚሠሩ፣ እኔና ከደሴ የመጡት ወንድ አያቴ፣ አባባ የምላቸው፣ አብረን እናመሽ ነበር፤ እሳቸው እኔን እንዲጠብቁ፣ እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ ለማያውቁት ለእሳቸው አፍ እንድሆን። የተጠበሰ በቆሎ ሽታ በመስኮት ሲገባ አባባ ኮፍያቸውን ያደርጉና «ነይ፣ እትዬ ሉላ ጋ እንሂድ» ይሉኛል። በዕድሜ ስለምትበልጣቸው ነው እትዬ ያሏት። እኔ ግን በእንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለ፣ እስከ ዛሬ «እሷ» ናት ለእኔ።

ያኔ ሚስ ሉላ በቆሎውን እያገላበጠች፣ ፍሙ ፊቷን ከታች እያበራው፣ የአባቷን ታሪክ ታወራልን ነበር። «ዳዲ» ነበር የምትለው። በወጣትነቱ፣ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ ቤዝቦል ተጫዋች ነበር፤ ፒቸር፣ ኳሱን ዱላ ይዞ ለሚጠብቀው መቺ የሚወረውረው። ይህን ስተረጉም አባባ «ወርዋሪ በይኛ! እንደ ጦር ወርዋሪ» አሉ።

ዳዲ የተጫወተው ጥቁሮች ብቻ በሚሰለፉበት ቡድን ነበር፤ ትልልቆቹ ቡድኖች ያኔ ጥቁር አያስገቡም። በባቡር ከከተማ ከተማ ይዞራሉ፣ ሆቴል ስለሚከለከሉ ሜዳው ዳር ወይም የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ላይ ያድራሉ። ዳዲ የወረወረው ኳስ ግን፣ ትላለች ሚስ ሉላ፣ መቺው ፊት እስኪደርስ ቀጥ ብሎ ይመጣና ድንገት እንደሚሰግድ ሰው ጎንበስ ይላል። አንድ የነጮች ቡድን አሰልጣኝ ቆሞ አይቶት «ቆዳህ ሌላ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ እወስድህ ነበር» አለው። አባባ ይህን ሲሰሙ በቆሎውን ከአፋቸው መለሱ።

«ታዲያ ምን አለው?»

«ኮፍያውን አንሥቶ አመሰገነ» አለች። «ሌላ ምን ይበል?»

ክንዱ የተበላሸበትን ቀን ያወራችልን የመጨረሻው ሰመር ሊያልቅ ሲል ነው። ሌላው ወርዋሪ ታሞ፣ የቡድኑ ባለቤት ዳዲን በዚያ ሐሩር ሁለት ጨዋታ አከታትሎ አስወረወረው። በሁለተኛው መሃል ክርኑ ውስጥ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚመስል ድምፅ ሰማ። ለማንም ሳይናገር ጨረሰ፤ አሸነፉም። ራት ላይ ማንኪያ ማንሣት አቃተው። የቡድኑ ባለቤትም በማግስቱ ባቡር ላይ አሳፍሮ ወደ ቤቱ ላከው።

«ወጌሻ አላየውም?» አሉ አባባ፣ ሰውየው ትናንት የተጎዳ ይመስል ተቆጥተው። ወጌሻን በእንግሊዝኛ ማለት ቢያቅተኝ «አጥንት የሚያሽ ሰው» አልኳት።

ሚስ ሉላ ራሷን ወዘወዘች። «ማንም አላየውም።»

ከዚያ በኋላ ዳዲ እዚሁ አሌክሳንድሪያ፣ ወንዙ ዳር፣ በግራ እጁ ለዓሣ በረዶ ሲዝቅ ኖረ። አግብቶ እሷንና ታላቅ ወንድሟን ወለደ። አንድ እሑድ ወንድሟ የአባቱን ዝና ከእናታቸው ሰምቶ «እስቲ አንዴ ወርውር» ብሎ ለመነው። ዳዲ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለ፣ እግሩን አነሣ፣ ወረወረ። ኳሱ ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይሄድ ሣሩ ውስጥ ወደቀ። ልጁ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ዳዲም አብሮት ሳቀ፤ ሚስ ሉላ ግን በር ላይ ቆማ ፊቱን ታየው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ስለ ቤዝቦል አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ ሚስ ሉላም ታሪኩን የሰማችው ከእናቷ ነው።

«ወንድሜም አለፈ። እኔ ስሄድ ይህን የሚያውቅ የለም» አለች።

አባባ ተርጉሜ እስክጨርስ ጠበቁና «እኛ ሰምተናል በያቸው» አሉኝ።

የዚያ ዓመት ዊንተር፣ ብርዱ ሳይወጣ፣ ሚስ ሉላ አረፈች። አባባ በሱፋቸው ላይ ነጠላ ደርበው ለቀብሯ ቤተ ክርስቲያን ይዘውኝ ሄዱ። ሰባኪው ስለ እሷ የሚናገር ሰው ካለ ብሎ ሲጠይቅ፣ ከመጡት ጥቂት ሰዎች ማንም አልተነሣም። አባባ እጄን ይዘው ቆሙ። «እትዬ ሉላ ስለ ራሳቸው አውርተው አያውቁም፤ የሚያወሩት ስለ አባታቸው ነበር» ብለው በአማርኛ ጀመሩ። እኔም ታሪኩን ወደ መጣበት ቋንቋ መለስኩት። ሣሩ ውስጥ የወደቀው ኳስ ላይ ሲደርሱ አለቀሱ። እኔ መተርጎም ስላለብኝ እንባዬን ዋጥኩት።

ሲያበቃ የባሏ ወንድም ልጅ፣ ሽበት የጀመረው ሰው፣ ዓይኑ ቀልቶ ወደ እኛ መጣ። ይህን ሁሉ ሰምቶ እንደማያውቅ ነገረን። ከዚያ «ስሙ ማን ነበር?» አለኝ።

ወደ አባባ ዞርኩ። አባባም ወደ እኔ። በየሰመሩ «ዳዲ» ስትል ሰማን እንጂ ስሙን አልጠየቅናትም። እሷ ራሷ የምትጠራው በባሏ ስም ነበር። ሰውየውም አያውቅም።

አባባን ይህ ነገር እስከ መጨረሻው ሲያንገበግባቸው ኖረ። «ሰው እንዴት ያለ አባቱ ስም ይቀበራል?» ይሉ ነበር። እሳቸውም ካረፉ ቆዩ፤ እኔም ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚባል ከተማ ገባሁ፣ ልጅም ወለድኩ። ልጄ በአባቷ ስም ስትጠራ በሰማሁ ቁጥር ያ ሰው ትዝ ይለኛል። ሲወረውር እንዴት እንደነበር፣ ልጁ ሲስቅበት እንዴት አብሮት እንደሳቀ አውቃለሁ፤ አንዳንዴም የገዛ ዘመዴ ይመስለኛል። ጸሎት ላይ ላነሣው እፈልግና የማነሣበት ስም አጣለሁ።