የእንግዳው ዘይት

ዛሬ ጠዋት በተጸለየበት ዘይት እንቁላል ጠብሼ በላሁ። ሆን ብዬ አድርጌው ቢሆን ጀግና እባል ነበር። እኔ ግን መነጽሬን ሳላደርግ ከምድጃው አጠገብ ያገኘኋትን ትንሽ ጠርሙስ መጥበሻው ላይ ገልብጬ ነው። እንቁላል፣ ቃሪያ፣ ትንሽ ሽንኩርት። ጣፍጦኛል፤ መካድ አልችልም።

ጠርሙሷ የእንግዳችን ናት። እንግዳችን ነቢይ ነው። ኖርክሮስ ከተማ ያለው የሚስቴ ቤተ ክርስቲያን ለኮንፈረንስ ጠራውና፣ ለቅዳሜና ለእሁድ ብቻ እናንተ ጋ ይረፍ ተብሎ እኛ ወዳለንበት ከተማ፣ ፓይን ሌክ፣ እኛ ቤት መጣ። ሲመጣ የጓሯችን ዛፍ አረንጓዴ ነበር። አሁን ቅጠሉን አራግፎ ጨርሷል፤ ሰውየው ግን ቤዝመንቱን፣ ምድር ቤታችንን፣ እንደያዘ ነው። ጠዋት ጠዋት ሌላ ስቴት ላሉ ሰዎች በስልክ ትንቢት ይናገራል፤ ዋይፋዩ የእኔ ነው። ሙቅ ውሃውን ጨርሶ ከሻወር ይወጣና ስለ ትዕግሥት ያስተምረኛል። ማታ ደግሞ ከዚያች ጠርሙስ በጣቱ ነክቶ የሚስቴን የዓይን ቆብ ይቀባል።

ሚስቴ ግላኮማ አለባት፤ የዓይን ግፊት። ሐኪሙ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውን ለማትረፍ ግን ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልጋት ነግሯታል። ከዳር የሚመጣ ነገር አይታያትም፤ ትከሻዋ ከበር መቃን ጋር እየተላተመ በልዟል። የኦፕራሲዮኑን አፖይንትመንት ያገኘነው በልመና ነው። ነቢዩ ቀብቶ ቀብቶ «ቢላ አይነካሽም» አላት፤ እሷም ደውላ ካንስል አደረገችው። የክሊኒኩ ጸሐፊ ደግ ሰው ሆና እስከ ዛሬ ከሰዓት ቦታውን እይዝልሻለሁ፣ ከዚያ በኋላ ለሌላ በሽተኛ ይሰጣል ብላታለች። እንቁላሉን የጠበስኩት እንግዲህ በዚህ ቀን ነው።

ሚስቴን አፌን ሞልቼ ሞኝ ነሽ አልላትም። ዕድሜዬን ሙሉ ማይክ የያዘ ሁሉ ሲያሳምነኝ ኖሯል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ስኳር በሚቀጥለው ወር ይገባል ሲል አምኜ ሻዬን ሳልጠጣ ጠብቄያለሁ። እዚህ አገር ደግሞ የፓርኪንግ አለቃዬ «አንተ እኮ ቤተሰባችን ነህ» ሲለኝ አምኜ የበዓል ቀን በነጻ ሠርቼለታለሁ። አምና ስልኬ ውስጥ ሆና መንገድ የምትመራኝ ሴትዮ ወደ ግራ ታጠፍ ስትለኝ ታጥፌ መቃብር ስፍራ ገብቻለሁ። የነቃሁት «ደርሰሃል» ስትለኝ ነው።

ነቢዩ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ከቤዝመንት ወጣ። ምድጃውን አየ፣ ጠርሙሷን አየ፣ እኔን አየ።

«ጋሼ፣ ዘይቱስ?»

«ሆዴ ውስጥ ነው።»

«ይሄ እኮ የተጾመበት ዘይት ነው።»

«እሱን አላወቅኩም። እኔ ጨው ብቻ ነው የጨመርኩበት።»

አልሳቀም። ሰውየው አይስቅም፤ በእሱ ሥራ ሳቅ ገበያ ያበላሻል። ሚስቴ ወደ ማድቤቱ ስትገባ ጠብቆ ወደ እሷ ዞረ።

«እህቴ፣ ጠላት በማን በኩል እንደሚገባ አየሽ? ዛሬ የጾሙና የቅባቱ መጨረሻ ቀን ነበር። አሁን እንደገና ከመጀመሪያው ነው።»

ጠላት የተባልኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ ወንበሬ ላይ፣ መጥበሻውን በዳቦ እየጠረግኩ። ያጠራቀምኩትን እውቀት የመዘዝኩት ያን ጊዜ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስለ መጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች አነባለሁ። እነዚያ ሰዎች ትምህርታቸውን ተጽፎ ተጠርዞ አላገኙትም። ሰው ቤት ይሰበሰባሉ፣ ከወዲያ ደብዳቤ ይመጣል፣ ከወዲህ ሰባኪ ይመጣል፣ የማንን እንመን ብለው ይጣላሉ። አንዱ ታላቅ ሐዋርያ ሌላውን ታላቅ ሐዋርያ ከእነማን ጋር ይበላል በሚል ጉዳይ ሰው ሁሉ ፊት ገሥጾታል። ሌላ ቢሆን ጉዱን ይደብቅ ነበር፤ እነሱ ጽፈው አስቀመጡት። ትምህርቱ ያደገው በጸሎት ብቻ ሳይሆን እንዲህ ማዕድ ላይ በመጨቃጨቅም ነው። ከዚያ ዘመን ብዙ ሳይርቅ በተጻፈ አንድ የምዕመናን ሥርዓት ውስጥ ደግሞ እየዞረ ስለሚያስተምር እንግዳ ደንብ አለ። ከደንብ ሁሉ ጀርባ አንድ የተታለለ ሰው እንዳለ የገባኝ እሱን ሳነብ ነው። የሆነ ቦታ የሆነ ሰው እንግዳው አልሄድ ብሎታል።

«እርስዎ» አልኩት። የልጄ እኩያ ነው፤ እርስዎ ያልኩት ለክብር አይደለም። «የጥንቶቹ ክርስቲያኖች እንግዳ ሰባኪ አንድ ቀን ይቀመጥ፣ ቢቸግር ሁለት፣ ሦስተኛውን ከተቀመጠ ሐሰተኛ ነው ብለዋል። በመንፈስ ሆኖ ማዕድ ይቅረብ ያለ ነቢይም ከማዕዱ ራሱ አይበላም። የትናንቱን ዶሮ ያዘዘው ማን ነበር?»

ነቢዩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ቀጥሎ ያለውን አንብበዋል?»

«የቱን?»

«እውነተኛ ነቢይ ከእናንተ ጋር መኖር ከፈለገ ምግቡ ይገባዋል የሚለውን። የዘይት ማሰሮ ስትከፍቱም መጀመሪያ ለነቢዩ ስጡ ይላል። እርስዎ ግን የነቢዩን ዘይት በሉ።»

አላነበብኩትም። ደንቡን ባገኘሁበት ገጽ ላይ በጣም ስለተደሰትኩ መጽሐፉን ዘግቼ ሻይ ላፈላ ተነሥቼ ነበር።

«እንግዲያው እውነተኛነቱን በምን እናውቃለን?» አልኩ፤ ድምፄ ቀጥኖ።

«በፍሬው።»

«ፍሬው ይኸው። በር እየገጨች ነው።»

ሚስቴ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ አደረገች።

«አንተ ሰውዬ፣ ተነሥ። መኪና ውስጥ እፈልግሃለሁ።»

በገዛ ቤታችን ለመነጋገር መኪና ውስጥ መግባት ከጀመርን ሰንብተናል። በሩን ዘግቼ፣ ሐኪሙ ያለውን ለስንተኛ ጊዜ ልደግምላት ስል እጇን አነሣች።

«እሱን አምኜ ካንስል ያደረግኩ መሰለህ?»

«ታዲያስ?»

«አክስቴን ዓይኗን ኦፕራሲዮን ሲያደርጓት እጇን ይዤ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ስትገባ በአንዱ ዓይኗ ታይ ነበር። ስትወጣ፣ መብራቱን ለምን አጠፋችሁት አለችኝ። ቀን ነበር።»

ይህን ስንት ዘመን አብረን ስንኖር አንድ ቀን አልነገረችኝም። እኔም ምን አስፈራሽ ብዬ አልጠየቅኳትም።

«ሐኪሙ ወረቀቱን እያየ ነው የነገረኝ» አለች። «አንተ ትጮህብኛለህ፤ ትሄጃለሽ፣ ነገርኩሽ፣ አለቀ። አትፍሪ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። እንደሚዋሽ አላጣሁትም።»

በሚስቴ ላይ የሚያዝ ሐሰተኛ ፍለጋ ቤዝመንቱን ስጠብቅ፣ ለካ ሌላው አዛዥ ላይኛው ፎቅ ያለሁት እኔ ነበርኩ፤ ያውም ያለ ማይክ።

«እኔም ፈርቻለሁ» አልኳት።

«አንተ ደግሞ ምን ያስፈራሃል?»

«አንቺ ካላየሽ ማን መንገድ ያሳየኛል? የስልኬ ሴትዮ የምትወስደኝ መቃብር ነው።»

ፈገግታዋን ዋጥ አደረገችው። «እስኪያስገቡኝ ድረስ እጄን ትይዛለህ?»

«እይዛለሁ።»

«ስለ ጥንት ሰዎች ሳታወራ?»

«ሳላወራ።»

ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ደወለችና ቦታዋን ኮንፈርም አደረገች። ጸሐፊዋ መልካም ቀን ስትላት ሚስቴ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። ስልኩን እኔ ዘጋሁላት።

ቤት ስንገባ ነቢዩ ከተቀመጠበት አልተነሣም።

«የእግዚአብሔር ሰው» አለችው፣ «ኦፕራሲዮኑን ላደርግ ነው። ልጃችን ልታስታምመኝ ትመጣለችና ክፍሉን ዛሬ እንፈልገዋለን።»

«እምነትሽን ለቢላ ሰጠሽ» አላት።

ወደ ቤዝመንት ወርዳ፣ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች፣ ሻንጣውን አምጥታ እግሩ ሥር አስቀመጠችለት። የእኔ የጥንት ደንብ ያልነቀነቀውን ሰው የአልጋ ጥያቄ ነቀነቀው። ኖርክሮስ ላለ ምዕመን ደውሎ መጥቶ እንዲወስደው ነገረው። ሊወጣ ሲል ግን በሩ ላይ ቆመ።

«ዘይቴስ?»

ሚስቴ እኔን ፈለገች፤ ከጎኗ ስለቆምኩ እስክታገኘኝ አንገቷን ብዙ ማዞር ነበረባት።

«እሱ ይተካል። ራሱ ገዝቶ፣ ራሱ ጾሞ፣ ቤተ ክርስቲያን ፊት ወጥቶ አስጸልዮበት በእጁ ያስረክብዎታል።»

«ፊት ወጥቼ?» አልኩ።

«ሰው ሁሉ እያየህ። የሰው ዕቃ ነው የበላኸው።»

ከሰዓት በኋላ ዶራቪል ካለው ገበያ ወርጄ ዘይቱን ገዛሁ። በዕቃ መምረጥ አልታማም፤ ደህናውን ነው ያነሣሁት። አሁን ከምድጃው ርቆ ማቀዝቀዣው አናት ላይ ተቀምጧል፤ ነገ ጠዋትም መነጽር እንደማላደርግ ሚስቴ ታውቃለች። ጾሙ ግን አልተጾመም፣ ጸሎቱም አልተጸለየም። ያ ሰው ዓይኗን ሊያሳጣት ነበር፤ እኔ ደግሞ ከሰው ሁሉ የእሱ ዕዳ አለብኝ፤ አንድ ትንሽ ጠርሙስ የተጸለየበት ዘይት።