የዶክተር ቸርነት ጭማሪ

ቸርነት ሐኪም አይደለም። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ እሱ ራሱ ከዘነጋው ቆይቷላ! ከደብረ ብርሃን መቀሌ መጥቶ፣ በአንድ የመድኃኒት መጋዘን ካርቶን ሲያስቆጥር ኖሮ ጡረታ ወጣ። በቃ፣ ሕክምና ያጠናው እዚያ ነው። ቃላሚኖ ያለው ሰፈሩ ግን «ዶክተር» ይለዋል። ልጅ ቢያስለው፣ አሮጊት ቢያዞራት፣ ወደ እሱ ነው የሚሮጠው። እሱም ዓይኑን ጨፈን አድርጎ «ይሄማ የታወቀ ነው» ይላል። እሱ የማያውቀው በሽታ ገና አልተፈጠረም!

የወንድሙ ሚስት ምንትዋብ ይህን በሰማች ቁጥር አንጀቷ እርር ድብን ይላል። ፊት ለፊት ግን «ጋሼ ቸርነት፣ ይቀመጡ» ትለዋለች። የባል ታላቅ ነው፣ ምን ታድርግ?

ባለፈው ክረምት ባሏ ደሳለኝ ክፉ ጉንፋን ያዘው። የስኳር ሕመሙን በክኒን ይዞ፣ ሚኒባሱን ኩሓ ድረስ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ድንገት ትንፋሽ አጠረው። ሆስፒታል ሲገባ ቫይረስ ሳምባውን ክፉኛ ጎድቶታል ተባለ። ኦክስጅን አደረጉለት፤ የሳምባውን ቁጣ የሚያበርድ ዴክሳ የሚባል መድኃኒትም ጀመሩለት። ውሎ አድሮ መብላት ቻለ። ምንትዋብ ተመስገን አለች።

ከዚያ ፊቱ ባንድ ወገን አበጠ። ጉንጩ ደነዘዘ፣ ከአፍንጫው ጥቁር ነገር ይወጣ ጀመር፣ ስኳሩም ሰማይ ነካ።

ሰላማዊ የምትባለው ሐኪም አልጋው አጠገብ ቆማ ለምንትዋብ ነገረቻት። «ፈንገስ ነው፣ ሓፍተይ፣ እህቴ። የሻጋታ ዓይነት። ቫይረስ ያደከመውን ሰው፣ በተለይ ስኳሩ ሲወጣ፣ ያጠቃዋል። ዴክሳ ሲበዛ ደግሞ ይብሳል። እኛ የሰጠነው ግን ስኳሩን እንዲህ አያወጣውም። ሌላ የሰጣችሁት ነገር አለ?»

ሊጠይቅ የመጣው የሰፈር ሰው ሁሉ አልጋው ግርጌ ወደቆመው ቸርነት ዞረ። መልስ የሚሰጠው እሱ ነዋ! ቸርነት ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ። ዝም አለ።

«ምንም አልሰጠነውም» አለች ምንትዋብ። የምታውቀው ይህንኑ ነበር።

በማግስቱ የደሳለኝ ግራ ዓይን ጨርሶ ተከደነ። ምንትዋብ ያበጠውን ፊት እያየች ያ ዝምታ ትዝ አላት። ሐኪም በተናገረ ቁጥር ከአፉ የሚነጥቅ ሰው፣ ትናንት ምን ነካው? ወጥታ ኮሪደር ላይ የቸርነትን ኮሌታ ያዘች።

«ምን ሰጠኸው?» አንቱታው እዚያው ቀረ።

«እነሱ የሚሰጡት ትንሽ ነው ብዬ… ዴክሳ ነው። ከማመጣለት የማንጎ ጁስ ጋር ፈጭቼ… ቶሎ እንዲነሳ ብዬ እኮ ነው።»

«ትናንትም?»

ትናንትም! ሐኪሟ ከጠየቀች በኋላ እንኳ አጠጥቶታል፤ ጁሱን ድንገት ብተው ይጠረጥሩኛል ብሎ። ቱ!

ጎትታ ሐኪሟ ፊት አቆመችው። እዚያም የተናገረችው ራሷ ምንትዋብ ናት፤ እሱማ ጫማውን ያይ ነበር። ሰላማዊ ተሯሯጠች፤ ግን ፈንገሱ ወደ ዓይኑ ገብቷል። ወደ አንጎል ሳያልፍ በቀዶ ሕክምና ዓይኑን ማውጣት ግድ ሆነ። ትናንት ቢነገራቸው ኖሮ ዓይኑን የማትረፍ ተስፋ እንደነበራቸው ሰላማዊ አልደበቀቻትም።

የደሳለኝ ነፍስ ተረፈች። ሹፌርነቱ ግን ከዓይኑ ጋር ሄደ። ሌላ ሙያ የለውም፤ ወጣትነቱን በሙሉ መሪ ጨብጦ ነው የፈጀው።

ቸርነት ሊጠይቀው ብርቱካን ይዞ መጣ። ብርቱካን! ምንትዋብ ወንበር እንኳ አልሰጠችውም።

«ወንድምጋሼ» አለ ደሳለኝ ፋሻው እንደታሰረ፣ «መስጠቱንስ ይሁን፣ ለእኔ ብለህ ነው። ስትጠየቅ ለምን ዝም አልክ?»

ቸርነት የብርቱካኑን ፌስታል ከእጅ ወደ እጅ አዛወረው። «ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኝ ነበር እኮ» አለ።

ደሳለኝ በቀረችው ዓይኑ ትክ ብሎ አየው።

«እኔስ ሰው አልነበርኩም?»