«ልጄ፣ አጥፊው» ያለኝ ሰው

አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ ባዶ ልብስ ማጠቢያ ማሽን አስነሳለሁ። ልብስ የለበትም፤ ውሃ ብቻ ነው፣ ትንሽ የዱቄት ሳሙና ጣል ይደረግበታል፣ ሽታው ከሌለ ነገሩ አይሞላልኝም። ማሽኑ አሮጌ ነው፤ መጭመቅ ሲጀምር ወለሉን እያንቀጠቀጠ ከቦታው ፈቀቅ ይላል። ሻጩ በጩኸቱ አፍሮ ሌላ ላሳይሽ ቢለኝም የፈለግሁት እሱኑ ነበር። ከእኔ ሥር ወንጌላዊ ታደለ ይኖራል፤ በየአርቡ ሳሎኑ ውስጥ ጸሎት ይመራል። ሰፈሩ ሁሉ አንቱ ይለዋል፣ እኔ ግን በልቤ አንቱ ብዬው አላውቅም። ይህን የኮንዶሚኒየም ቤት የተከራየሁትም እሱ ከታች እንዳለ አውቄ ነው።

የሳሙናው ሽታ ጅዳ ይወስደኛል፣ በግዳዲያ በሚባለው ሰፈር ከእናቴ ጋር ወደምንኖርባት ጠባብ ክፍል። እናቴ ማርታ ከአሠሪዋ ቤት ከወጣች ወዲህ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አልነበራትም፤ እኔም እዚያው ተወልጄ አንዲት ወረቀት የሌለኝ ልጅ ነበርኩ። አርብ ቀትር ላይ የሕንፃው ወንዶች ወደ መስጊድ ሲሄዱ አሥራ ሁለት ሴቶች በየተራ፣ እያንዳንዳቸው የቆሸሸ ልብስ በፌስታል አንጠልጥለው፣ ሊያጥቡ የመጡ መስለው ይገቡ ነበር። ማሽኑን ማስነሳት የእኔ ሥራ ነው፣ እኔ ካላስነሳሁ መዝሙር አይጀመርም። በሁለት ጣት ያጨበጭባሉ፤ ውሃው ሲቀዳ ድምፃቸውን ዝቅ፣ ሲያሽከረክር ትንሽ ከፍ ያደርጋሉ፤ ሃሌሉያ የሚባለው ግን ልብሱ ሲጨመቅ ብቻ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ፣ በሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ሙስሊም፣ ሁሉንም ታውቅ ነበር። እናቴን ደረጃ ላይ ስታገኛት፣ «ወላሂ ማርታ፣ እንዳንቺ ንጹሕ ሴት አላየሁም፤ ጁምዓ በመጣ ቁጥር እጥበት። አላህ ይቀበልሽ» እያለች ትቀልድባት ነበር።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ ከአዲስ አበባ አራት ሰዎች በጉብኝት ቪዛ ለስምንት ቀን መጡ። የተልእኮ ጉዞ ይሉት ነበር። እናቴ በደስታ መጋረጃውን ሁለት ጊዜ አጠበች። መሪያቸው ታደለ ነበር፣ ያኔ ጎልማሳ፣ ደረተ ሰፊ። አንድ ቀን ልጅ ያለበት መኪና ቤተሰብ ይመስላል ብሎ እኔን ጥቁር የአባያ ቀሚስ አስለብሶ መሐል አስቀመጠኝና በመካ መንገድ ወሰዱኝ፤ ሙስሊም ያልሆነ እዚህ ይታጠፍ የሚለው ሰሌዳ አጠገብ ስንደርስ መኪናውን አቁመው ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ጸለዩ። ስንመለስ ረጅም ግንብ አየሁ፤ ወረቀት የሌላቸው የሚታሰሩበት ሹመይሲ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው።

በመጨረሻው አርብ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ሲያንሾካሽኩ የታደለ ትዕግሥት አለቀ። ተነስቶ ፍርሃት ከጌታ አይደለም አለ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ልጄ፣ አጥፊው።» እናቴን አየኋት፤ አቀረቀረች። አጠፋሁት።

ዘመሩ። ሰዓቱን ረስተው፣ ወንዶቹ ከመስጊድ ተመልሰው ደረጃውን እስኪወጡ ድረስ ዘመሩ። ታደለና ጓደኞቹ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ኤርፖርት ከሄዱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ፖሊስ በሩን መታ። ይህች ልጅ የማን ናት ሲሉ እናቴ ሳታየኝ፣ «የጎረቤቴ» አለች። እትዬ ዘይነባ አባያዋ ውስጥ ከተተችኝና፣ «ልጄ ናት፣ ኸላስ» አለች። እናቴን ወደ ሹመይሲ፣ ከዚያ ወደ አገር ቤት ላኳት። እኔን ዘይነባ አምስት ዓመት አሳደገችኝ፤ ወረቀት ተገኝቶልኝ አገሬ ስገባ እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር።

ባለፈው ወር ታደለ ከዘራውን ተደግፎ ደረጃውን ወጣ። ፀጉሩ ነጥቷል፣ ድምፁም አንሷል። ማን እንደሆንኩ አላወቀም። «ልጄ፣ ጸሎት ስንጀምር እባክሽ አጥፊው» አለኝ። ስንት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። በሩ ላይ ቆሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። መያዛቸውን ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ ይልቁንም መካ ደጃፍ ጮኸን ዘመርን እያለ በየመድረኩ ሲመሰክር ኖሯል። ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ይቅር በይኝ ሲለኝ አይሆንም አልኩትና በሩን ዘጋሁ።

በሚቀጥለው አርብ ማሽኑን አላስነሳሁም። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ከታች ሰዎች ነበሩ፣ ይዘምራሉም፣ ግን እያንሾካሾኩ። ደስ አለኝ፤ ምን አስዋሸኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ግን አንድ ያልነገርኩት ነገር አለ። አሥር ዓመት ሙሉ የእናቴን መዝሙር ከውሃና ከሞተር ጋር ተደባልቆ ነበር የማውቀው። ጅዳ ያን ቀን ማሽኑ ዝም ሲል ድምፅዋ ብቻውን ወጣ፤ ሌሎቹ ሴቶች አንድ በአንድ መዘመራቸውን ትተው እሷን መስማት ጀመሩ፣ እኔም እጄ ማሽኑ ላይ እንዳለ ቀረ። እናቴ እንደዚያ እንደምትዘምር አላውቅም ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማኋት፤ ያንን የሰጠኝ ታደለ ነው። ይህን ቢያውቅ እንቅልፍ ይወስደው ይሆናል። አልነግረውም።