ዝናብ የማይቀበለው ማሳ

ከኪምባ ከተማ በስተደቡብ፣ በኖስኬ ቤተሰብ እርሻ ጀርባ ያለው አሸዋማ ማሳ ዝናብ አይቀበልም ነበር። ምክንያቱ ይታወቃል፤ የዛፍና የሣር ብስባሽ ሰም የመሰለ ቅባት ይተዋል፣ ቅባቱም የአሸዋውን ቅንጣት ሁሉ ይለብሰዋል። የቤቱ ልጅ ኤልቫ ላላመነ ሁሉ ከኮዳዋ ውሃ ጠብ ታደርግለታለች። ጠብታው ሳይሰርግ እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብሎ ይቀመጣል። ገብሱ የሚበቅለው ውሃ እንደ ዕድል ሆኖ በሰረገበት ብቻ ነው፤ የቀረውን አፈር ነፋስ ወስዶ አጥሩ ላይ ይከምረዋል።

አባቷ ክሌም ማሳውን ለጎረቤታቸው ለኮሊን ሊሸጡት ወስነዋል። ኤልቫ ግን ከአሸዋው ሥር ቀይ ሸክላ አፈር እንዳለ ታውቃለች። ሸክላ ደቃቅ ነው፣ ቅባት የለበሰውን አሸዋ ሸፍኖ ውሃ ያስገባል። ቆፍራ አወጣችና ማሳውን አለበሰችው፣ ያውም ሳትሰስት።

ማረሻ ግን አላስነካችውም። በዚያ አገር የታረሰን አሸዋ ነፋስ ጠርጎ በወሰደበት በአቧራ ማዕበሉ ዘመን ያደገ ሰው አሸዋ አይገለብጥም፤ ይህን ለልጁም ለልጅ ልጁም ያስተምራል። ሸክላው ላይ ላዩን ቀረ፣ ፀሐይ መታውና እንደ ጡብ ደረቀ። የተዘራው ገብስ ቡቃያ መውጫ አጣ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኮሊን ፒክአፑን አጥሩ ሥር አቆመ።

«ኤልቫ፣ መንገድ ሠራሽልን እኮ! አውቶቡሱ የሚጀምረው መቼ ነው?»

«አንተ ከፊቱ ስትቆምልኝ!»

መልሷ ፈጣን ነበር፤ ውስጧ ግን ተቃጥሏል። አካፋዋን ይዛ ማሳውን ዳር እስከ ዳር ዞረችው። ሸክላውን ያመላለሰችበት መኪና ይዞርበት የነበረው ጥግ ላይ ስትደርስ ቆመች። ገብሱ ጉልበቷ ድረስ ነው! ቆፈረች። እዚያ የፈሰሰው ሸክላ ስስ ነበር፤ ጎማው ደጋግሞ ከአሸዋው ጋር ለውሶታል። ሥሩ ወደ ታች ወርዷል፣ አፈሩም እርጥብ ነው።

«አባዬ፣ ና እይ!»

«አየሁት፤ የጎማ ዱካ ነው።»

«ጎማው ነዋ ያደባለቀው! እኛ ማረሻ ፈርተን ላዩ ላይ ተውነው።»

«አሸዋ ይታረስ ነው የምትይኝ? አያትሽ ቢሰሙ ከመቃብር ይነሱ ነበር።»

«አያቴን ያከሰራቸው ባዶ አሸዋ ማረሳቸው ነው። ይሄኛው ሸክላ አለው፣ ይያያዛል።»

ክሌም ባርኔጣቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። «የአንድ ዝናብ ወቅት ጊዜ እሰጥሻለሁ። ካልሆነ የኮሊን ነው።»

ኤልቫ የደረቀውን ሰባበረች፣ የተረፈውን ወዳልደረሰበት አሰራጨች፣ ከዚያም መልኩ አንድ ዓይነት እስኪሆን አሸዋውን ከሸክላው ጋር አረሰችው፤ ገብስም ዘራችበት። በቀጣዩ ዓመት የግንቦቱ ዝናብ መጣ። ውሃው እንደወረደ ሰረገ፣ መሬቱ ጠቆረ፣ ገብሱም ክፍተት ሳይተው መስመሩን ጠብቆ ወጣ።

አጨዳው ሲደርስ ኮምባይነሩን የነዱት ራሳቸው ክሌም ናቸው። ብዙም ሳይሄዱ የኮምባይነሩ ጎተራ መሙላቱን የሚያሳየው መብራት በራ። መብራቱ የተበላሸ መስሏቸው ወጥተው ጎተራውን አዩት፤ አፉ ድረስ ገብስ ነው። የመገናኛ ሬዲዮኑን አነሱ።

«ኤልቫ፣ መኪናውን አምጪ።»

«አሁን አይደል እንዴ የጀመርከው?»

«ሞላ አልኩሽ! እየፈሰሰብኝ ነው!»

በሳምንቱ ኮሊን ስለ ሽያጩ ሊነጋገር መጣ። ክሌም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ማሳው የእሷ ነው። እሷን ጠይቃት።»

«አልሸጥም፣» አለች ኤልቫ።

ኮሊን የታጨደው ገብስ አገዳ ቆሞ የቀረበትን መሬት በእግሩ ጫር ጫር አደረገ። «እንደው... የእኔም አሸዋ ያው ነው። የሸክላው ውፍረት ምን ያህል ነው?»

ኤልቫ አፏን ሳትከፍት ክሌም በአውራ ጣታቸውና በጠቋሚ ጣታቸው መሀል ስስ ክፍተት አሳዩት። «ይህችን ታህል! ካበዛህ መንገድ ነው የሚሆንብህ። ደግሞ ካላደባለቅከው ዋጋ የለውም፣ ሰማህ? ና አሳይሃለሁ። ልጄ ናት የደረሰችበት!» እያሉ ክንዱን ይዘው ወደ ማሳው መሀል ወሰዱት።