ለደረጀ የተከደነው ዓሣ

ልጅ ሳለሁ፣ ናዝሬት ባቡር ጣቢያው አጠገብ በነበረው ቤታችን፣ ተረት የምንሰማው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን ነበር። ያኔ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር እሑድ ሲመሻሽ ሳሎናችን በጎረቤት ይሞላል፤ እማዬ ዳንቴሉን ታነሳለች፣ አባዬ ይከፍተዋል፣ ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል። «አሁንስ?» ይላል ከላይ። «ትንሽ ወደ ወንጂ!» ብለን እንጮኻለን። ሥዕሉ ሲጠራ እየዘለለ ይወርድና እኔን ገፋ አድርጎ ቦታዬን ይይዛል።

የምንወደው አገር የሚያስጎበኘውን ዝግጅት ነበር። ጋዜጠኛው አንድ ከተማ ሄዶ ገበያውንና ሰፈሩን ያሳየናል፤ መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት የአገሯን ምግብ ትሠራለች። ድምፁ እየተቆራረጠ ሲያስቸግር የጎደለውን የሚሞሉልን ጋሽ ታምራት ነበሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ባቡር ላይ ትኬት ሲቆርጡ የኖሩ ሽማግሌ ጎረቤታችን። ሐዲድ ያልደረሰበትን አገር በእግራቸው ረግጠው አያውቁም፤ ተረቱን ግን የሁሉንም ያውቁ ነበር። ሐይቅ በታየ ቁጥር ከሥሩ የሰመጠ ከተማ ነበራቸው፣ ተራራ በታየ ቁጥር በላዩ ሙሽራ የጠፋባት ዋሻ። እማዬ በበኩሏ ከምታበስለዋ ሴት ጋር ትጣላለች። «ኧረ ሽንኩርቱ ገና ጥሬ ነው! ምን ያጣድፋታል? እንግዳ በር ላይ ቆመባት?» ስትል ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። የልጅነት ደስታዬን የሚጠይቀኝ ቢኖር ይኼንን ነው የምነግረው።

ከዚያ ደረጀን ወሰዱብን። ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ ከመንገድ አፈሱት፤ እማዬ ቀበሌ ለቀበሌ ስትንከራተት ከርማ ብሔራዊ ውትድርና መግባቱን ሰማች። ስንቅ እንኳ አላስያዘችውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቴናውን ማንም እንዳይነካ ከለከለች። «እሱ ያቆመው ነው፤ እሱው መጥቶ ያዙረው» አለች። ስለዚህ አገር ጉብኝቱን ሁሉ ካፊያ እንደሚጥልበት መስኮት እናየው ጀመር።

በፈቃድ የመጣ አንድ ወታደር ከምፅዋ የደረጀን ሰላምታ ያመጣልን ጊዜ እማዬ ምፅዋን የምታውቀው በዚያ ዝግጅት ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ አሳይተውናል፦ ነጭ ቤቶች፣ ጀልባዎች፣ ዓሣ ለሁለት ከፍላ በርበሬ ቀብታ ምድጃ ውስጥ የምትከት ሴት። ዓሣ እማዬ የምትጠየፈው ነገር ነበር፤ «አጥንቱን ስለቅም ነፍሴ ትወጣለች» ትል ነበር። አሁን ግን የቆቃ ዓሣ ሻጭ በበራችን ስታልፍ በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ» ብላ ሰላምታ ሰጥታ ጠርታ መግዛት ጀመረች። «ልጄ እዚያ የለመደውን ምግብ ሲመጣ ከማን ቤት ይብላ?» አለችን። በየእሑዱ፣ ከዝግጅቱ በፊት፣ በከሰል ፍም ላይ ትጠብሰዋለች፤ ጭሱ ሳሎኑን ያለብሰዋል። ከመሃል ወፍራሙን ቁራጭ ታነሳና በሳህን ላይ ሳህን ከድና ከቴሌቪዥኑ ጎን ታስቀምጣለች። የደረጀ ነው፤ ማንም አይነካውም። ሰኞ ጠዋት በስሙ ለነዳይ ትሰጠዋለች።

ተበልቶ ሲያበቃ ጋሽ ታምራት ቆመው ይመርቃሉ። «ገበታሽን ያብዛው። ማጀትሽን ይሙላው። ልጅሽን ከደጅሽ ያቁምልሽ።» እኛ «አሜን» እንላለን። በመጨረሻው ላይ የእማዬ ድምፅ ይሰበራል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጦር ሜዳ የተመለሰ፣ በክራንች የቆመ ወታደር በር ላይ ከአባዬና ከጋሽ ታምራት ጋር ሲነጋገር አገኘሁ። እኔን ሲያዩ ወሬውን ቀየሩ። ምን እንዳላቸው የሰማሁት በኋላ ነው፤ ደረጀ አጠገቡ እንደወደቀና በእጁ እንደቀበረው ነበር የነገራቸው። ለእማዬ ግን አልተነገራትም። መርዶ ወግ አለው፤ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፣ እሷ ደግሞ ደም ግፊት አለባት። አጎቴ ከሻሸመኔ እስኪደርስ ይቆይ ተባለ። እንዲህ ሆኖ መላው ሰፈር እያወቀ እሑድ መጣ፣ ጎረቤት ሁሉ እንደወትሮው ተሰበሰበ፣ እማዬም ዓሣ ጠበሰች። ይኼን ደግነት ነው ብለው ነው ያደረጉት። እኔ እስከ ዛሬ ስም አላወጣሁለትም።

ያን ዕለት ደግመው ያሳዩን ያንኑ የምፅዋን ዝግጅት ነበር። ከተማዋ በጦርነት እየነደደች ቴሌቪዥናችን የድሮውን ጀልባና የድሮውን ሳቅ ያሳየናል። ጋሽ ታምራት ተረት አልነበራቸውም። እማዬ ግን ደስ ብሏት «እዩ፣ እኔ ከእሷ የበለጠ አሳምሬ ጠብሻለሁ!» አለች፤ ሰዎቹ ሳቁላት።

ጋሽ ታምራት ለምርቃት ተነሡ። «ገበታሽን ያብዛው» አሉ። «ማጀትሽን ይሙላው» አሉ። ከዚያ ቆሙ። ጎረቤትን መሸንገል አላቃታቸውም፤ እግዚአብሔር ፊት ግን ቃሉ ከአፋቸው አልወጣም። «ለሁላችንም ሰላሙን ያውርድልን» ብለው ተቀመጡ።

«አሜን» ያለው ሰው ሁሉ ነው፤ እማዬ ብቻ አላለችም።

«ጋሼ» አለቻቸው፣ «አንድ ምርቃት ቀረብዎት።»

ቀና ብለው አላዩዋትም። አባዬ ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን ሊዘጋ እጁን ሰደደ።

«ተወው» አለችው። «ልጄ የቀረበትን አገር ልየው።»

እስኪያልቅ ድረስ አየችው። ከዚያ የተከደነውን ሳህን አንሥታ እኔ ጉልበት ላይ አስቀመጠችና «ብዪ» አለችኝ። በላሁት። ቀዝቅዞ ነበር፤ ግን ይጣፍጥ ነበር፣ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። እሪታዋ የተሰማው የመጨረሻውን ቁራሽ ስጎርስ ነው።

ዛሬ ልጆቼ አገር የሚያስጎበኝና ምግብ የሚያሠራ ቻናል ሲመለከቱ ያመሻሉ፤ ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው፣ አንቴና የሚያዞር አያስፈልገውም። አብሬያቸው እስቃለሁ። ባሕር ሲመጣ ግን ውኃ ልጠጣ ብዬ እነሣለሁ። የጋሽ ታምራት ተረቶች ሁሉ ከልቤ ጠፍተዋል፣ ከሐይቁ በታች የሰመጠው ከተማ ማን ይባል እንደነበር እንኳ አላስታውስም። የቀረልኝ አንድ ልማድ ነው። በየትም ቤት ሽማግሌ ቆሞ ሲመርቅ፣ ሌላው ወዲያው «አሜን» ሲል፣ እኔ ማንን እንደተወ ሳላዳምጥ አልመልስም።